ወንዝ ያወጣው የዛገ ጠመንጃ የየትኛው ዘመን ነው?

እንደሚታወቀው በአሶሳና አካባቢው በበጋ ወራት በየወንዙ ዳር ወርቅ የሚያጥበው ሰው ብዙ ነው። ክረምት የሸረሸረውን ዳርቻ ሲቆፍሩ ከወርቅ ሌላ የዛገ ብረትም ሊወጣ ይችላል። ሰደፉ በስብሶ ያለቀ፣ አፈ ሙዙ በጭቃ የተደፈነ ጠመንጃ ከሆነ "የጣሊያን ነው" ተብሎ ይታለፍና ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ መቆፈሪያ ይሆናል። ለመሆኑ ሁሉም የጣሊያን ነውን? የአካባቢያችን ታሪክ እንዲያ አይልም።

ወደዚህ ምድር ጠመንጃ የገባው ከሱዳንም ከደጋውም ነው። የግብፅ ጦር በ1814 ዓ.ም. ሱዳንን ይዞ ወርቅ ፍለጋ እስከ ፋዞግሊ ሲዘልቅ የያዘው በአፈ ሙዙ በኩል ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ ነበር። ቆየት ብሎ ግብፅ አሜሪካ ሠራሹን ረሚንግቶን ገዛች። ይህ ጠመንጃ በሁለት በኩል ከግብፆች እጅ ወጥቷል። በ1868 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት በጉንደትና በጉራዕ ማረከው፤ በ1876 ዓ.ም. ደግሞ መሐዲስቶች ሺካን ላይ የሂክስን ጦር ደምስሰው ወሰዱት። ስለዚህ አሶሳ አካባቢ ረሚንግቶን ቢገኝ ከመሐዲስቶች ሊሆን ይችላል፤ በ1890 ዓ.ም. ከራስ መኰንን ጋር ቤኒሻንጉልን ለማስገበር ከመጣው ሠራዊትም ሊሆን ይችላል። ብረቱ ብቻውን ይህን አይለይልንም። ያ ሠራዊት የዘመተው ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ አድዋ ላይ ጣሊያኖች የያዙት 10.4 ሚሊ ሜትሩ ቬተርሊም አብሮ ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን የ1933ቱን ጦርነት ነው። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን እጅ ያስለቀቀው ከቤልጂግ ኮንጎ ሱዳንን አቋርጦ የመጣ ጦር ነበር። ተራ ወታደሮቹ ኮንጎዎች፣ መኮንኖቹ ቤልጂጎች ነበሩ። ከዚህ ወደ ጋምቤላ፣ ቀጥሎም ወደ ደምቢ ዶሎ አለፉ። ከዚያ ሁሉ አገር አቋርጠው እዚህ የወደቁ አፍሪካውያን በአካባቢያችን ብዙም ሲነሱ አለመስማቴ ሁሌም ይከነክነኛል። ከወንዝ የወጣው ጠመንጃ የእነርሱ ቢሆን መቆፈሪያ ከማድረግ በፊት ማወቅ አይገባንምን?

የሚለየውም ዝገቱን ወይም ርዝመቱን በማየት ሳይሆን ጥይት የሚገባበትን ቦታ በማየት ነው። ከኋላ መክፈቻ ከሌለው በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ነው። መቀባበያ ሳይኖረው ትልቅ መምቻና ወደ ኋላ የሚገለበጥ ድፍን ብረት ካለው ረሚንግቶን ነው፤ ቀዳዳውም ሰፊ፣ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መቀባበያ ያለው ሆኖ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ጥያቄው ወደ 1933 ይጠጋል። የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከቃታው ፊት ያለው የጥይት ቤት ከሥሩ ክፍት ነው፤ ስድስት ጥይት የያዘው ቆርቆሮ ባዶ ሲሆን በዚያ ይወድቃል። የቤልጂጉ የ1889 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ማውዘር 7.65 ሚሊ ሜትር ነው። የእርሱ አፈ ሙዝ በሌላ ስስ የብረት ቱቦ ውስጥ የገባ በመሆኑ ጫፉ ላይ ሁለት ግድግዳ ያለው ይመስላል። ዝገት እንኳ ይህን ምልክት ቶሎ አያጠፋውም። ቀዳዳው ግን በዝገት ስለሚጠብም ስለሚሰፋም ልኬቱን ብቻ ማመን አይገባም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለ። የዛገ ጠመንጃ ጎርሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአፈ ሙዙ አቅጣጫ መቆም፣ መቀባበያውን በመዶሻ መምታት፣ ከእሳት ማስገባት ክልክል መሆን አለበት። ልኬትም ቢሆን ጎርሶ እንደሆነ በሚያውቅ ሰው ከታየ በኋላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ጠብቆ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይኖርበታል፤ መሣሪያ በመሆኑም ፖሊስ ማወቅ አለበት። በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግም ከብረቱ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ያጠፋል።

የወንዙን ስም፣ የተገኘበትን ጥልቀትና አጠገቡ የነበረውን ነገር ወዲያው መጻፍ ይጠቅማል። በተለይ የተተኮሰ ቀለህ ካለ መጣል የለበትም። ናስ እንደ ብረት ስለማይዝግ ከቀለሁ መቀመጫ ላይ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ ይገኛል።