የብዙ አገልግሎቶች በአንድ ቤት መኖር፤ ከፖስታና ከስልክ እስከ ኮንቴይነር

ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ቴዎድሮስ አደባባይን ካለፈ በኋላ የዋናውን ፖስታ ቤትና የቴሌኮሙኒኬሽንን ሕንጻዎች ለየብቻቸው ያገኛቸዋል። ሁለቱ ግን ጥንት የተለያዩ አልነበሩም። የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመርም ቀጥሎ ተዘረጋ። ቴሌኮሙኒኬሽን ከፖስታ ተለይቶ የራሱ ቦርድ የተቋቋመለት በ1945 ዓ.ም. ነው።

ሥራዎች በአንድ ቤት ይኑሩ ወይስ ይለያዩ የሚለው ይኸው ጥያቄ በኮምፒዩተር ሙያም ተነሥቷል። በ1971 ዓ.ም. በዩኒክስ ሥርዓት አንድን ፕሮግራም በተወሰነ የፋይል ክፍል ብቻ አጥሮ የማሠራት ዘዴ ተገኘ። ዘዴው እየዳበረ ሄዶ፣ በ2005 ዓ.ም. ዶከር የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ ሲቀርብ «ኮንቴይነር» የሚለው ስም በሰፊው ታወቀ። ይህም የብረት ሳጥን ሳይሆን፣ ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ተከልሎ የሚሠራበት ክፍል ነው።

የባለሙያዎች የተለመደ ምክር «ለአንድ ኮንቴይነር አንድ ተግባር» የሚል ነው። ሆኖም አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያለው ኮሌጅ ድረ ገጹን የሚያቀርበውን፣ ውጤት የሚያሰላውንና የመረጃ ቋቱን የሚጠብቀውን ፕሮግራም በአንድ ኮንቴይነር ሊያኖር ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከአብሮነቱ ሳይሆን ከኃላፊ እጦት ነው።

በሊኑክስ ኮንቴይነር ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም ቁጥር 1 ይሰጠዋል፤ የቤቱም አባወራ እርሱ ነው። ወላጅ ያጡትን ይረከባል፤ ሥራ ጨርሰው ከመዝገብ ያልተሰረዙትን ያሰናብታል። እርሱ ከሞተ ሌሎቹ ሁሉ አብረው ይቆማሉ። በዶከር የተለመደ አሠራር የማቆሚያ ትእዛዝ በቅድሚያ የሚደርሰው ለእርሱ ሲሆን፣ ወደ ሌሎቹ ካላስተላለፈው ከ10 ሴኮንድ በኋላ ሁሉም በግድ ይቋረጣሉ። በዚያች ቅጽበት የመረጃ ቋቱ የተማሪዎችን ውጤት በመጻፍ ላይ ቢሆን፣ ያላለቀው ጽሑፍ ይጠፋል፤ የሚጎዳውም ማሽኑ ሳይሆን ተማሪው ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው፣ በ1945 ዓ.ም. እንደተደረገው ሁሉ፣ እያንዳንዱን አገልግሎት ለየራሱ ማቋቋም፤ ሁለተኛው፣ አብረው የሚኖሩ ከሆነ፣ ለመምራት የተሠራ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም በቁጥር 1 ቦታ መሾም ነው። ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪ አዲስ ሥርዓት ከመረከቡ በፊት «የማቆሚያው ትእዛዝ ሲመጣ ተቀብሎ ለሁሉም የሚያደርሰው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።