ለካርታ ሠሪው ማን ነገረው?

የአፍሪካ ካርታ ክፍል ውስጥ ሲሰቀል ተማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው አገሩን ነው። ቀጥሎ የተወለደበትን ቀበሌ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም አያገኘውም። "ቲቸር፣ የኛ ለምን አልተጻፈም?" ይላል። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ትልቅ የታሪክ ጥያቄ ነው። ካርታ ላይ የሚጻፈው አንድ ሰው ያየው ወይም ለካርታ ሠሪው የነገረው ነው። ያልተነገረው ይቀራል። ይህን በጥቂት የታወቁ ካርታዎች እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቬኒሱ ካርታ

በ1450 አካባቢ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ ስፋቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ክብ የዓለም ካርታ ሠራ። በዚህ ካርታ ላይ ደቡብ ወደ ላይ፣ ሰሜን ወደ ታች ነው። ዛሬ ለሚያየው ሰው የተገለበጠ ይመስላል፤ ግን ሰሜን የግድ ከላይ ይሁን የሚል የተፈጥሮ ሕግ የለም።

ፍራ ማውሮ ኢትዮጵያን አልረገጠም። ታዲያ አባይንና አዋሽን በስማቸው እንዴት ጻፈ? መልሱን ራሱ ካርታው ላይ አስቀምጦታል። የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ካህናት አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ይገልጻል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ኢየሩሳሌም ይኖሩ ነበር፤ ወደ ጣሊያንም ይጓዙ ነበር። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን ፍሎረንስ በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ተገኝተዋል።

ነገር ግን ካርታው አንድ ጉድለት አለው። ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ሰው ስለነበረ ኢትዮጵያ ከልኳ በላይ ተለጠጠች። ከእሷ በስተደቡብ ስላሉት ሕዝቦች የሚናገር ስላልነበረ ቦታቸው በኢትዮጵያ ስሞች ተያዘ። የተናገረ ሰፋ፣ ያልተጠየቀ ጠፋ ማለት ነው።

አባ ጎርጎርዮስ

ይህ መለጠጥ በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። ካስተካከሉት ሰዎች ዋነኛው ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ነው። እሱም ኢትዮጵያን አላያትም። አስተማሪው ግን የአምሐራ አገር፣ የመካነ ሥላሴ ሰው የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር የወገኑ ስለነበሩ፣ አፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ካባረሩ በኋላ አገራቸውን ለቀው ሮም ገቡ። በዛሬው አነጋገር ስደተኛ ነበሩ። ሉዶልፍ በ1649 ሮም አገኛቸው፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄደው ስለ አገራቸው፣ ስለ ቋንቋውና ስለ ሕዝቡ አስተማሩት።

ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ፤ ካርታው በ1683 ወጣ። ካርታው ፖርቱጋላውያን ሚሲዮናውያን የጻፉትንና ከአባ ጎርጎርዮስ የተገኘውን እውቀት አንድ ላይ የያዘ ነው። በእሱ ላይ ኢትዮጵያ ወደ ትክክለኛ ልኳ ቀረበች፤ አባይም ከጣና በኩል ሲወርድ ታየ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በባሕር ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ሞተዋል። ሉዶልፍ የአስተማሪውን ስም አልደበቀም፤ ዛሬ የምናውቃቸውም በዚህ ነው።

እዚሁ ቅርባችን፣ ጎንዶኮሮ

አሁን ወደ ጁባ እንምጣ። ከከተማዋ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በነጭ አባይ ምሥራቃዊ ዳር፣ ጎንዶኮሮ የሚባል የንግድ ጣቢያ ነበረ። በፌብሩዋሪ 1863 እንግሊዛዊው ጆን ስፒክ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲመጣ እዚህ ሳሙኤል ቤከርንና የወደፊት ሚስቱን ፍሎረንስን አገኘ። ስፒክ ለቤከር አንድ ካርታ ሰጠው። በካርታው ላይ ስፒክ ራሱ ያላየው ሐይቅ ነበረ። የቡኞሮ ሰዎች "በምዕራብ በኩል ትልቅ ውሃ አለ" ብለው ስለነገሩት ነው የሣለው።

ቤከር ያንን ካርታ ይዞ ሄደ፤ በማርች 1864 ሐይቁ ዳር ደረሰ። የቡኞሮ ሰዎች የተናገሩት እውነት ሆኖ ተገኘ። ሐይቁ ግን በአገሬው ስሙ አልቀረም፤ ቤከር በእንግሊዟ ንግሥት ሟች ባል ስም "አልበርት" አለው። አገሬው ሙታንዚጌ ይለው ነበር፤ አንበጣ ገዳይ ማለት ነው። እንዲህ ነው የሆነው፦ እውቀቱ የአገሬው፣ ስሙ የእንግዳው።

የ1902 መስመር

ከዚህ በኋላ ያለው ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። በሜይ 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ጆን ሃሪንግተን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚወስን ውል ተፈራረሙ። ከውሉ ጋር ካርታ ተያይዟል። መስመሩ በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ይሄዳል፤ ከዚያም ሰሜን 6 ዲግሪ ኬክሮስና ምሥራቅ 35 ዲግሪ ኬንትሮስ ወደሚገናኙበት ነጥብ ይወርዳል። ልብ በሉ፣ ይህ ነጥብ በቁጥር የተገኘ ነጥብ ነው። በዚህ ክፍል ያለው መስመር ዛሬ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን ድንበር ነው።

ለወረቀት ወንዝ ጥሩ ድንበር ነው፤ ቀለም ለመቀባት ይመቻል። ለሚኖርበት ሰው ግን ወንዝ የሰፈር መሐል እንጂ ዳር አይደለም። አኝዋክ ከወዲህም ከወዲያም ዳር ሰፍሯል፤ ኑዌር በየወቅቱ ከብቱን ይዞ ይሻገራል። ውሉ ላይ ግን አንድም የአኝዋክ ወይም የኑዌር ፊርማ የለም።

በዚሁ ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ጣቢያው በመጨረሻ ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። በ1980ዎቹ ኢታንግ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩበት ትልቅ ካምፕ ሆነ። በዲሴምበር 2003 ደግሞ በጋምቤላ ግድያ ሲፈጸም ብዙ አኝዋኮች በተቃራኒው ወደ ፖቻላ ተሻገሩ። መስመሩ አንድ ነው፤ ሰው ግን በሁለቱም አቅጣጫ ሮጦበታል።

የካምፕ ቁጥር በሚያሳዩ ግራፎች ላይ "ስደተኛ" የሚል አንድ ዘንግ፣ "የአገር ውስጥ ተፈናቃይ" የሚል ሌላ ዘንግ ታያላችሁ። ልዩነቱ የመከራ ማነስና መብዛት አይደለም፤ መስመር መሻገር ነው። በዲሴምበር 2013 ጁባ ላይ ጦርነት ሲነሳ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ግቢ የሸሹት ተፈናቃይ ተባሉ፤ ጋምቤላ የገቡት ስደተኛ ተባሉ። ማን የት ዘንግ ውስጥ እንደሚቆጠር የወሰነው በ1902 ወረቀት ላይ የተሰመረው መስመር ነው።

ነፍስ ለማዳን የተሣለ ካርታ

እንዲህ ሲባል ካርታ ሁሉ ለመከፋፈል ነው ማለት አይደለም። በ1854 ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገባ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ዶክተር ጆን ስኖው ግን ውሃውን ጠረጠረ። የሰፈሩን ካርታ ዘርግቶ ሰው በሞተበት ቤት ሁሉ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ጥቁር ሰረዝ አደረገ። ሰረዞቹ በብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቹ። አጠገቡ የነበረው ቢራ ፋብሪካ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ ከእነሱ በኮሌራ የሞተ የለም፤ ቢራና የራሳቸውን ጉድጓድ ውሃ ይጠጡ ነበርና። ስኖው ሐሳቡን ለሰፈሩ ባለ ሥልጣኖች ካስረዳ በኋላ በሴፕቴምበር 8 የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ስኖው ብቻውን አልነበረም። ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል የሰፈሩ ቄስ መጀመሪያ አላመነውም ነበር፤ በኋላ ግን ቤት ለቤት ዞሮ ጠየቀ። ምእመናኑን በስም ስለሚያውቃቸው ከፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት መጀመሪያ የታመመችውን ሕፃን አገኘ፤ የዚያ ቤት የቆሻሻ ጉድጓድም ወደ ውሃው ይሰርግ ነበር። ጁባ በ2014 ኮሌራ አይታለች፤ ይህ ካርታ ለኛ የሩቅ ተረት አይደለም።

የእኛ ሥራ

ከ2004 ጀምሮ ማንም ሰው የሚሳተፍበት ኦፕንስትሪትማፕ የሚባል የዓለም ካርታ በኢንተርኔት አለ። በ2014 ደግሞ የቀይ መስቀል ማኅበራትና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካርታ የሌላቸውን ቦታዎች ለመሣል "ሚሲንግ ማፕስ" የሚባለውን ሥራ ከሌሎች ጋር ጀመሩ። ሩቅ አገር ያለ በጎ ፈቃደኛ ከሳተላይት ፎቶ መንገዱንና ጎጆውን ይሥላል። የመንደሩን ስም ግን ከሰማይ ማንበብ አይችልም። የትኛው ፓምፕ እንደተበላሸ፣ የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚዘጋም አያውቅም። ይህን የሚያውቀው እዚያ የሚኖር ሰው ነው።

ስለዚህ ካርታ ወይም ግራፍ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ሠራው? ከማን ሰማ? ያልተጠየቀው ማን ነው? ከዚያ እናንተም ሞክሩ። መምህራን፣ ተማሪዎችን በአራት በአራት ከፍላችሁ የካምፑን የውሃ ነጥቦች፣ መጸዳጃ ቤቶችና የሚያጥለቀልቁ መንገዶች ያስመዝግቡ። እርምጃ በመቁጠር መለካት ይቻላል፤ አንድ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። እናቶችን ጠይቁ፤ ውሃ የሚቀዱት እነሱ ስለሆኑ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሥራው ሲያልቅ የሠራችሁትንም የነገሯችሁን ሰዎችም ስም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ በካርታው ጥግ ጻፉ።