ከመግቢያ በር ወደ መውጫ በር፦ የአደጋ ጊዜ መውጫ ንድፍ በታሪክ ዓይን



በሥራ ቦታ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የአደጋ ጊዜ መውጫ ንድፍ የታሪክ ተማሪ እንዴት ያንብበው? መልሱን ከፋሲል ግቢ በሮች እጀምራለሁ።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሩትና ተከታዮቻቸው ያስፋፉት ግቢ 900 ሜትር ያህል በሚረዝም የድንጋይ አጥር የተከበበ ሲሆን፣ 12 በሮች ነበሩት። ወንበር በር ለዳኞች፣ እምቢልታ በር ለነፊዎች፣ ባልደራስ በር ለፈረሰኛ አዛዡ ነበር። ስያሜዎቹ ማን በየት እንደሚገባ ይናገራሉ። በሩ የማዕረግ ምልክትና የጥበቃ መሣሪያ ነበረና።

ጎንደር እሳትን ታውቃለች። በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በደርቡሾች ተቃጥላለች። ይህን ታሪክ ስንተርክ ዘወትር የምንቆጥረው የጠፉትን አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መትረፏንም እናነሣለን። ሕዝቡ በየት በኩል አመለጠ ብለን የምንጠይቀው ግን ከስንት አንዴ ነው።

ይህን ጥያቄ የፋብሪካ ዘመን አስገድዶ አመጣው። በ1903 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዘጠነኛው ወለል አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሲወጡ በሌላው በር እየተፈተሹ እንዲያልፉ ሲባል። በር አልታጣም፤ የታጣው መውጫ ነው። ከዚያ እልቂት በኋላ የከተማዪቱና የግዛቲቱ የእሳት ደኅንነት ሕጎች ተሻሻሉ።

እንግዲህ ንድፉ የሕንፃን ትርጉም የሚገለብጥ ሰነድ ነው። ማን ይግባ ሳይሆን ሁሉም እንዴት ይውጣ ይላል። አንባቢው የቆመበትን ነጥብ፣ ወደ መውጫ የሚወስዱትን መንገዶች፣ ደረጃውን፣ የእሳት ማጥፊያውንና የመሰብሰቢያውን ሥፍራ ያሳያል። በተሰቀለበት ግድግዳ አቅጣጫ ልክ መሣል አለበት፤ አለዚያ በጭስ ውስጥ ግራና ቀኝ ይምታታሉ።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራ ቦታን ደኅንነት እንዲጠብቅና ስለ አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅ ያዛል። ንድፉ ይህን ግዴታ ለመወጣት ይረዳል። ነገር ግን ለሌባ መከላከያ ተብሎ የተቆለፈን በር አረንጓዴ ቀለም አይከፍተውም። ስለዚህ ንድፍ የሚሰቅል መሥሪያ ቤት ሁሉ አስቀድሞ ይጠይቅ፦ የዚህ በር ቁልፍ በማን እጅ ነው?