የካቻቪቴ አራት ስም

ልጆቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን መጥቼ፣ ቤር ሸቫ ውስጥ አንድ የአውሮፕላን ዕቃ መሥሪያ ገባሁ። አለቃው «ማቭሬግ አምጣ» ሲለኝ ዝም አልኩ፤ መጥረጊያ አስያዘኝ። ለካ የፈለገው ጎንደር ጋራዥ ስሠራበት የኖርኩትን፣ ስሙን ከጣሊያን የወረስነውን ካቻቪቴ ነው!

ከሞሮኮ የመጣ ሽማግሌ ባልደረባችን «እኔም ቱርኔቪስ ነበር የምለው» አለኝ። በሱ ወጣትነት ተዋጊ አውሮፕላኖቹ የፈረንሳይ ነበሩ። ፈረንሳይ በ1967 መሣሪያ ስትከለክል፣ እስራኤል በሚራዥ አምሳል ነሸርን፣ ማለት ንስርን፣ ሠራች፤ የአሜሪካኖቹም መጡ። ያኔ የፈረንሳይኛውን የመሣሪያ ስም ለሠራተኛው ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው እሱ ነበር።

ደብተር ላይ አብረን ጎን ለጎን ጻፍን፦ ካቻቪቴ፣ ቱርኔቪስ፣ ስክሩድራይቨር፣ ማቭሬግ። በሳምንቱ መጥረጊያውን መለስኩ።

ወላጆቻችሁ በዕብራይስጥ ዝም ሲሉ አያውቁም አትበሉ። ስሙ ነው እንጂ ሥራው አልጠፋቸውም።