የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት
ድንጋይና ነሐስ፤ እ.ኤ.አ. 1955 ገደማ። የዩጎዝላቪያውያኑ ቀራፂያን አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ሥራ። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ስፍራው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ እዚሁ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ፋሺስቶቹ ቂማቸውን በከተማው ነዋሪ ላይ ተወጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ያገኙትን ሁሉ በጥይትና በዱላ ገደሉ፤ ጎጆዎችን ከነሰዎቻቸው አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሟቾቹን 30,000 ያደርሳቸዋል።

ቀረብ ብለው የነሐስ ቅርጾቹን ይመልከቱ፦ የተቀረጹት የጦር ጀግኖች ብቻ አይደሉም፤ መሣሪያ ያልያዘ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ ይታያል። ሐውልቱን ከሌሎች የድል መታሰቢያዎች የሚለየው ይህ ነው።

ይህ ጭፍጨፋ የደረሰባት ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. አጸደቀች። ከዓለም አገሮች የቀደማት አልነበረም። የኢጣሊያ የጦር ወንጀለኞች እንዲዳኙላትም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አመልክታ ነበር። ግራዚያኒ በኢጣሊያ ፍርድ ቤት የተቀጣው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ በአዲስ አበባ ለፈሰሰው ደም ግን አንድም ቀን ለፍርድ አልቀረበም።