ስለ ሞክሼ ስሞች፦ ከጋምቤላ መዛግብት እስከ መረጃ ቋት

በመረጃ ቋት አሠራር «ስኪማ» የሚባለውን ቃል «ንድፍ» ብለን ብንተረጉመው ከምንጩ አንርቅም። ነገር ግን አንዱ ዐቢይ ግብሩ ይሸፈንብናል፤ ይኸውም አንድ ስም በየትኛው ወሰን ውስጥ እንደሚታወቅ መለየቱ ነው። የዚህን ግብር ክብደት ለመረዳት «ጋምቤላ» የሚለውን ስም ታሪክ እንመልከት።

ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በ1902 እ.ኤ.አ. በተዋዋሉት መሠረት፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው በ1904 በጋምቤላ ተቋቋመ፤ ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣም ውሉ አበቃ። በኋላም ስሙ በኢሉባቦር ሥር ለነበረ አውራጃ፣ ከዚያም በ1995ቱ ሕገ መንግሥት ለታወቀው ክልል መጠሪያ ሆነ። በጋምቤላ ወደብ ወደ ካርቱም ይጫን የነበረው ቡና ከጎሬና ከመሰል ደጋዎች የወረደ ነበር። ስለዚህ የወደቡን መዝገብ የሚያነብ ተርጓሚ የስሙን ወሰን ካልለየ፣ የደጋውን ቡና የዛሬው ክልል ምርት አድርጎ ይጽፈዋል።

የመረጃ ቋትም ችግር ይኸው ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ሥርዓት በ2002 ስኪማን ሲቀበል፣ ሞክሼ ሠንጠረዦች በየስኪማቸው መኖር ቻሉ። የትእዛዝ መስመር መሣሪያው ግን ስም ብቻ ሲጻፍለት በፍለጋው ተራ ቀድሞ ያገኘውን ይወስዳል፤ ዝርዝር ሲጠየቅም በኋለኛው ስኪማ ያለውን ሞክሼ ሳያሳይ ያልፋል። ጉዳቱም ከመደናገር ያለፈ ነው። ሌላ ተጠቃሚ በጋራው ስኪማ ሞክሼ አስቀምጦ የባለቤቱን ትእዛዝ ሊጠልፍ ስለሚችል፣ በ2018 የመጠባበቂያ ቅጂ ማውጫው መሣሪያ እያንዳንዱን ስም ከነስኪማው እንዲጽፍ ተደረገ።

እኛም ከዚህ ሁለት ነገር እናተርፋለን። አንደኛ፣ መሣሪያው ለጸሐፊው እጅ ድካም ሲል አጭር ስም ቢቀበልም፣ ለአንባቢ በሚያወጣው ሁሉ ሙሉውን ስም ሊያሳይና ሞክሼዎችን ሊያስታውቅ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ በዚህ አገባቡ ስኪማን «የስም ክልል» ብንለው ግብሩ ይገለጣል። «ክልል» ብቻውን ግን አይበቃም፤ እርሱም በአስተዳደር ቋንቋ ሞክሼ አለውና።