ልጅ እያሳደጉ በቤታቸው ሶፍትዌር የሠሩ እናቶች ታሪክ



በ1962 በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን ወጣ ብላ በምትገኘው በቼሻም ከተማ አጠገብ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ያልሞላ አንዲት ሴት በስድስት ፓውንድ መነሻ ገንዘብ ድርጅት ከፈተች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቢሮዋ የምግብ ጠረጴዛዋ ነበር። የምትሸጠውም በእጅ የማይጨበጥ ነገር ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም። የቀጠረቻቸው ደግሞ ልጅ በመውለዳቸው ከሥራ የወጡ ሴቶችን ነው፤ እነሱም እንደ እሷ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ሆነው ይሠሩ ነበር።

ታሪኩን የመረጥኩት ልጅ እያሳደጉ ከቤት ሆኖ መሥራት በወርኃዊ ስብሰባችን በተነሳ ቁጥር ነገሩ ከኢንተርኔት ጋር ትናንት የመጣ ስለሚመስለን ነው። ድረ ገጽና የማስታወቂያ ጽሑፍ በቤታቸው እየነደፉ የሚሸጡ ወጣት እናቶች በመካከላችን አሉ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ታሪክ አዋቂ አይደለሁምና፣ ታሪኩን የማየው እንደ ልማዴ በገቢና በወጪ በኩል ነው።

ባለታሪኳ ስቴፋኒ ሸርሊ ይባላሉ። የተወለዱት በ1933 ዶርትሙንድ በምትባል የጀርመን ከተማ ሲሆን፣ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ቬራ ቡክታል ነበር። አባታቸው ዳኛ ነበሩ፤ አይሁዳዊ በመሆናቸው በናዚዎች ዘመን ከሥራቸው ተባረሩ። በ1939፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ የአምስት ዓመቷ ቬራ የዘጠኝ ዓመት እኅቷን እጅ ይዛ ከቪየና በባቡር ተሳፈረች። ያለ ወላጅ ወደ እንግሊዝ ከተሻገሩት አሥር ሺህ ያህል ሕፃናት መካከል አንዷ ሆነች። ያሳደጓት ፈጽሞ የማታውቃቸው ባልና ሚስት ናቸው። ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፤ በዕድሜም በሥራም ይገባቸዋል።

ወይዘሮ ሸርሊ ሥራ የጀመሩት በእንግሊዝ ፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ነው። ቀን እየሠሩ፣ ማታ ማታ ስድስት ዓመት ተምረው በሒሳብ ትምህርት ዲግሪ ያዙ። ቀጥሎ በአንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ተቀጠሩ፤ በዚያም ሴት ከተወሰነ እርከን በላይ እንደማታልፍ ተረዱ። ዙሪያቸውን ሲያዩ ደግሞ ሌላም ነገር ታያቸው። ብዙ ወጪ ወጥቶባቸው በኮምፒውተር ሥራ የሠለጠኑ ሴቶች ሲያገቡ ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ ሥራ ይተዋሉ። ችሎታው ያለው ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ገበያው የፕሮግራም ሠራተኛ ጠፋ ይላል።

ያኔ ድርጅት መክፈታቸው ብዙ ሰው አሳቀ። ሶፍትዌር ኮምፒውተር ለገዛ ሰው በነፃ አብሮ የሚሰጥ ምርቃት ነበርና፣ ለብቻው ዋጋ ተቆርጦለት ይሸጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ያውም ከሴት! ለየኩባንያው ደብዳቤ ቢጽፉ መልስ ጠፋ። ባላቸው ዴሪክ ስቴፋኒ የሚለውን ትተው የወንድ ስም በሆነው በስቲቭ ቢፈርሙስ አሏቸው። እንደተባሉት አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ መልሱ ይመጣ ጀመር። ቀጠሮ ይዘው ቢሮ ሲገቡ ግን፣ ሰዎቹ ስቲቭ የተባለው ሴት መሆኑን የሚያውቁት ገና ያኔ ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ወዳጆቻቸው ስቲቭ ይሏቸው ነበር።

የድርጅቱ ስም ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች ውስጥ ወንዶች ሦስት ብቻ ነበሩ። ለሥራ ያመለከተች ሴት መጀመሪያ የምትጠየቀው ቤቷ ስልክ ያላት መሆኑን ነው። ስልክ ዋናው የሥራ ዕቃ ነበር ማለት ነው፤ ኮምፒውተር በቤቱ ያለው ሰው በዚያ ዘመን አልነበረማ። አንድ ኮምፒውተር ክፍል ሙሉ ይይዛል፤ ያላቸውም ትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ናቸው። እናቶቹ ፕሮግራሙን በወረቀት ላይ በእርሳስ መስመር በመስመር ይጽፋሉ። ደጋግመው በዓይን ያርማሉ። ከዚያ ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ማዕከል ይላክና በካርድ ወይም በወረቀት ጥቅል ላይ ይበሳል፤ ስሕተት እንዳይኖር ሁለተኛ ይበሳል። ልጅ ሲተኛ የሚሠራ፣ ሲነቃ የሚቆም፣ እንደገና ከቆመበት የሚቀጥል ሥራ ነው።

ደንበኛ ስልክ ሲደውል የልጅ ለቅሶ እንዳይሰማ፣ ወይዘሮ ሸርሊ በቴፕ የተቀዳ የጽሕፈት መኪና ድምፅ እያጫወቱ ነበር የሚያነጋግሩት። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን አሁንም በስልክ ስታወራ መታጠቢያ ቤት ገብታ በር የምትዘጋ እናት መኖሯ ትዝ አለኝ።

ወደ ሙያዬ ልምጣ። በዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የወንድ ስሙንና የቴፑን ነገር ነው። እኔ ግን ለድርጅቱ ህልውና ዋናው ነገር ቁርጥ ዋጋ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ ይከፈልበት የነበረው በጊዜ ነው፤ ደንበኛው ሠራተኛውን በዓይኑ እያየ፣ ስንት ቀን እንደሠራ ቆጥሮ ይከፍላል። ቤቷ ተቀምጣ በቀን አራት ሰዓት፣ በማግሥቱ ሁለት ሰዓት፣ ልጇ የታመመባት ቀን ደግሞ ምንም የማትሠራ እናት በዚህ አሠራር አትቀጠርም። ወይዘሮ ሸርሊ ሥራውን ከነሙሉ ዋጋው ተዋዋሉ፤ ይህን ፕሮግራም በዚህ ቀን፣ በዚህ ዋጋ እናስረክባለን። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሠራው፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ በቢሮ ይሁን በማድ ቤት፣ ደንበኛው የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

ቁርጥ ዋጋ ግን ጥርስ አለው። ሥራው ከታሰበው ሰዓት በላይ ከፈጀ ኪሳራው የሠሪው ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመናገር በፊት ሰዓቱን ማወቅ ግድ ይላል። ለምሳሌ አንዲት እኅታችን አንድ ድረ ገጽ በ12,000 ብር ተዋዋለች እንበል። ለኢንተርኔት፣ ለመብራትና ልጅ ለምትይዝላት ልጅ 4,000 ብር ወጣ። የቀረው 8,000 ብር ነው። ሥራው 80 ሰዓት ከፈጀ በሰዓት 100 ብር አገኘች። ደንበኛው ቀለሙን ቀይሪው፣ ፎቶውን አንሺው፣ እንደገና መልሺው እያለ ሥራውን 120 ሰዓት ካደረሰው የሰዓት ገቢዋ ወደ 67 ብር ይወርዳል። የተከፈላት ገንዘብ ያው ስለሆነ ሳታስተውለው ያልፋል። በየቤቱ የማየው ችግር ይሄ ነው። የገባ ገንዘብ ይመዘገባል፤ ሰዓት አይመዘገብም። ማሻሻያ ከሁለት ጊዜ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ይከፈላል የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ የምታስገባ እናት እስካሁን ያየሁት በጣም ጥቂት ነው።

ነገሩ ከድሮም የመጣ ነው። እናቶቻችን ልጅ ጡት እያጠቡ፣ ወጥ እያማሰሉ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ጋቢው ሲሸጥ የሸማኔው ድካም በዋጋው ውስጥ ይነገራል፤ በእንዝርት ያለፉት ሌሊቶች ግን የቤት ሥራ ተብለው ይቀራሉ።

ወደ እንግሊዞቹ እንመለስ። ሥራቸው የተናቀ ዓይነት አልነበረም። የዕቃ ጫኝ ባቡሮችን ጉዞ፣ የአውቶቡሶችን የሰዓት ሰሌዳ፣ የመጋዘን ዕቃ ቁጥጥርን በፕሮግራም ሠርተዋል። ከድምፅ ይፈጥን የነበረው የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መቅጃ፣ ያ ብላክ ቦክስ የምንለው፣ ፕሮግራሙ የተጻፈው በየቤታቸው በተቀመጡ በእነዚህ ሴቶች ነው። አን ሞፋት የተባለች የድርጅቱ ባለሙያ በ1966 ይህንኑ ሥራ በቤቷ ስትሠራ የተነሳችው ፎቶግራፍ አለ፤ ወረቀቶቿ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፣ ትንሽ ልጇም አጠገቧ ናት። የጥራት ደረጃ መመሪያም ጽፈው ሁሉም በአንድ መልክ እንዲሠራ አደረጉ። የአንዷ ልጅ ቢታመም ሌላዋ ወረቀቱን ወስዳ የምትቀጥለው እንዲህ ያለ መመሪያ ሲኖር ነው። ይህ የሶፍትዌር ደረጃ በኋላ በኔቶ ሳይቀር ተወስዷል።

አሜሪካ ውስጥም ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ነበር። ኤልሲ ሹት በ1957 ነፍሰ ጡር ሆና ከኩባንያ ሥራ ስትወጣ በማሳቹሴትስ ግዛት እንዲሁ እናቶችን በየቤታቸው የሚያሠራ ድርጅት አቋቁማለች።

አሁን ስለ ልጁ ልንገራችሁ፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። ወይዘሮ ሸርሊ በ1963 ጃይልስ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ሌላ ልጅ አልወለዱም። ጃይልስ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ መናገር የጀመረውን አፉን ዘጋ፤ ከባድ ኦቲዝም ነበረበት። እያደገ ሲሄድ የሚጥል በሽታም ተጨመረበት። ድርጅቱ ቀን ከሌት ሰው ይፈልጋል፤ ልጁም ይፈልጋል። በ1976 እናትየው ጭንቀቱን መሸከም አቅቷቸው ሆስፒታል ገቡ፤ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ጃይልስም ሌላ ሆስፒታል ገብቶ ለዓመታት እዚያ ኖረ። ከቤት ሆኖ መሥራት ልጅን ለማየት ያመቻል ይባላል። ያመቻል፤ ነገር ግን ልጁን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ሁለት ሙሉ ሥራ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ መጫን ነው። ለዚህ ነው ከላይ ባለው ምሳሌ የልጅ ያዥዋን ክፍያ በወጪ መዝገብ ውስጥ ያስገባሁት። አያት ወይም ጎረቤት በነፃ ብትይዝላችሁም ጻፉት፤ አንድ ቀን ባትመጣ ምን እንደሚያስወጣችሁ ይታያችኋል።

በ1975 በእንግሊዝ የፆታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ለሴቶች የቆመው ሕግ ሴቶችን አስቀድሞ የሚቀጥረውን ድርጅት ጥፋተኛ አደረገው! ወንዶችንም ለመቀበል ተገደዱ። ያን ጊዜ ድርጅቱ ኤፍ ኢንተርናሽናል ተብሎ ነበር። ከዚያ በፊት በሰባዎቹ መጀመሪያ በመጣው የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ሊዘጋ ደርሶ ተርፏል። በዚያ ጊዜ ያገኘሁት ደካማ ጎን፣ ሴቶቹ አብዛኞቹ ቋሚ ቅጥር ያልነበራቸው መሆኑ ነው፤ ሥራ ሲኖር ይከፈላቸዋል፣ ሥራ ሲጠፋ ይቀራሉ።

ወይዘሮ ሸርሊ ግን አንድ ነገር አደረጉ። ከድርጅቱ ሩቡን ያህል አክሲዮን፣ ከራሳቸው ድርሻ ቀንሰው፣ ቀስ በቀስ በሠራተኞቹ እጅ አስገቡ። በ1996 ድርጅቱ በለንደን የአክሲዮን ገበያ ላይ ወጣ። በዚህ ምክንያት ከሠራተኞቹ ሰባ ያህሉ ሚሊዮነር ሆኑ። ወይዘሮዋ በ1993 ጡረታ ወጥተው ነበር፤ አብዛኛውን ሀብታቸውን ለኦቲዝም ሥራ ሰጡ። ጃይልስ በ1998 በ35 ዓመቱ ሞተ። ድርጅቱ በ2007 ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ተሸጠ። እሳቸውም በ2025 በ91 ዓመታቸው አረፉ።

ለደጋፊዎቻችን የምለው አለኝ። ወይዘሮ ሸርሊ የጠየቁት ሥራ ነው። ሥራው በአንድ ድርጅት ስም ውል ይገባበትና ለብዙ ቤት ይከፋፈላል። አንዲት እናት ለብቻዋ ፕሮፎርማ ስትጠየቅ ንግድ ፈቃድ፣ ደረሰኝ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጪ ትባልና ትቀራለች። ማኅበራችን ግን ደረሰኝ መቁረጥ ይችላል። ባለፈው ዓመት አንድ ደጋፊ ድርጅት ስለ እኛ የሚናገረውን በራሪ ወረቀት ያስነደፈው ከውጭ ከፍሎ ነው፤ ከአባሎቻችን ቢያንስ ሦስቱ ሊሠሩት ይችሉ ነበር። የሚቀጥለውን ለእኛ ስጡን፤ በቁርጥ ዋጋ፣ በቀን ገደብ፣ በውል።

ለአባላት ደግሞ አንድ ገጽ የሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ፤ የሥራው ስም፣ የተጀመረበትና የቆመበት ሰዓት፣ ልጅ የያዘው ሰው የሚል አራት ዓምድ ብቻ ነው ያለው። በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል። ለአንድ ወር ሞልታችሁ ብታመጡልኝ በሚቀጥለው ስብሰባ አብረን ዋጋ እናወጣለን።